ወደ ግራ የዞረው አበባ

አክስቴ ቂመኛ ናት። ሐሜት አይደለም፤ ራሷም ብትጠየቅ አትክድም። «ይቅር ማለት የሚያምርበት ሰው አለ፤ እኔ አያምርብኝም» ትላለች። መዝገብ ቤት ውስጥ ሃያ ሰባት ዓመት ያገለገለች ሴት ናት። ፋይል ጠፍቶ መሥሪያ ቤቱ ሲታመስ አለቆቿ የሚጠሩት እሷን ነበር። የሰው ፋይል እንዲህ አድርጋ የያዘች ሴት የራሷን እንዴት ትጥላለች? ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ነገር በሆዷ ይዛ ኖረች። እኔ የእህቷ ልጅ ነኝ፤ ቁመቴን ከእናቴ፣ ቂሜን ከእሷ ወርሻለሁ። ስለዚህ ገለልተኛ ሆኜ አወራለሁ ብላችሁ እንዳትጠብቁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አክስቴ በወጣትነቷ ዳንቴል ትሠራ ነበር። ትሠራ ነበር ስል ለቴሌቪዥን መሸፈኛ አንድ ሁለት ቁራጭ አወጣች ማለቴ አይደለም። እጇ የተለየ ነበር። ባገባች በሁለተኛው ዓመት አንድ ነጭ የአልጋ ልብስ ጀመረች፤ ከዳር እስከ ዳር በአበባ የተሞላ፣ መቶ አርባ አራት አበባ። ከሥራ ስትገባ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ቁጭ ብላ ኪሮሿን ታነሣለች። ዓመት ከስምንት ወር ፈጀባት። ሁለት የትራስ ልብስም ልትጨምርለት አስባ ነበር።

ባሏ፣ እኔ ጋሼ የምላቸው፣ አንዲት ታናሽ እህት አለቻቸው። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። የእጮኛዋ ቤተሰቦች ሊያዩዋት የሚመጡ ዕለት በጠዋት እየሮጠች መጣችና፣ «እትዬ፣ በሞቴ፣ ያንን ዳንቴል ለዛሬ ብቻ አውሺኝ፤ ሶፋችን ተበጣጥሷል፣ ላልብሰው» አለቻት። አክስቴም አጥፋ ሰጠቻት። ራሷም ልታግዝ አብራት ሄደች። እንግዶቹ መጡ። የልጁ እናት ዳንቴሉን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና፣ «ይሄን የመሰለ ሥራ የማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ልጅቷ አንገቷን ደፋ አድርጋ፣ «የኔ ነው» አለች።

«እሰይ! ልጄ ባለሙያ አገኘ!» አሉ ሴትዮዋ።

አክስቴ ብርጭቆ የሞላበት ትሪ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ጋሼን አየቻቸው። ጋሼ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። ለልጅቷ ዕድል ሲሉ ነው ብላ አሰበች፤ ምላሷን ዋጠችና መጠጡን ለእንግዶቹ አደለች።

ዳንቴሉ በዚያው ቀረ። ስትጠይቃት፣ «አማቼ በመጡ ቁጥር ያዩታል፤ ከየት አምጥቼ ላሳያቸው?» ትላለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ ባለሙያዋ ሆኖ ቀረ። ቤተሰቡ ባለሙያዋ፣ ጎረቤቱ ባለሙያዋ። ዓይኗን በጨው አጥባ በሴቶች ማሠልጠኛ የእጅ ሥራ አስተማሪ እስከ መሆን ደረሰች። አክስቴ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ዘመድ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ «እሱ እኮ የኔ ሥራ ነው» ብላ ነበር። ሳቁባት። አማቷ፣ «ተይ ልጄ፣ ቅናት ያከሳል» አሏት። ጋሼ ውሃ እየጠጡ ነበር፤ ውሃቸውን ጠጡ።

አክስቴ ቤቷ ገብታ ኪሮሿን መሳቢያ ውስጥ ወረወረችው። ከዚያ ወዲህ ያወጣችው የጉርድ ቀሚስ ላስቲክ ልታስገባበት ብቻ ነው። ባለሙያዋ ደግሞ በየሄደችበት፣ «ምስኪን ወንድሜ፣ ሙያ የሌላት ሴት ላይ ወደቀ» ትል ነበር። ወይ ነዶ!

ባለፈው ዓመት አክስቴ ጡረታ ወጣች። እኔ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ፤ በሱቄ ክርም እሸጣለሁ። አንድ ቀን የማሠልጠኛው ሴቶች ክር ሊገዙ መጡና የሱቄ በር ላይ የኤግዚቢሽን ማስታወቂያ ለጠፉ። ቀና ብዬ ሳይ የዳንቴሉ ፎቶግራፍ ነው! ከሥሩ የባለሙያዋ ስም በትልቁ ተጽፏል። ልንገራት አልንገራት ብዬ አላመነታሁም፤ ገንጥዬ ወሰድኩላት።

አክስቴ መነጽሯን አድርጋ አየችው። መነጽሯን አውልቃ፣ ጠርጋ፣ እንደገና አየችው።

«ነጭ ክር አለሽ?»

«አለኝ። ስንት ጥቅል?»

«ያለሽን በሙሉ። ያልሠራኋቸው ሁለት ትራሶች አሉ።»

የመጀመሪያዎቹ ቀናት መከራ ነበሩ። ጣቶቿ እምቢ አሉ። የመጀመሪያው አበባ ተንጋዶና ተኮማትሮ ሲወጣ ሳቄ አመለጠኝ። «ሳቂ፣ ሳቂ» ብላ ፈታችው። አንዱን አበባ አሥራ አንድ ጊዜ ፈታችው። ስትሠራ ደግሞ በየቀለበቱ አንድ አንድ ስድብ ታስገባለች፤ «ባለሙያ! የት አባሽ ታውቂና! ቆይ ብቻ!» ትላለች ለክሩ። ክሩ ምን አጠፋ?

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ግን ስገባ ስድብ የለም። እያንጎራጎረች ነው። ስታንጎራጉር ሰምቻት የማላውቅ ሴት! እኔን ስታይ እጅ ከፍንጅ እንደተያዘ ሌባ ደነገጠችና ፊቷን አጨማደደች።

«ናፍቆሽ ነበር አይደል?» አልኳት።

ክሩን ጣቷ ላይ እየጠመጠመች፣ «ይሄንንም ጭምር ነው የሰረቀችኝ» አለች። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። እኔም ያን ዕለት ነው የሷ ቂም ለጨርቅ እንዳልሆነ በደንብ የገባኝ።

ላግዝሽ ብዬ ኪሮሽ ያነሣሁት የዚያኑ ቀን ነው። ልብስ ሰፊ አይደለሁ? የሷን እያየሁ አንድ አበባ ሠራሁ። ቅጠሎቹ ግን ተገልብጠው ወጡ፤ የሷ ወደ ግራ ይዞራል፣ የኔ ወደ ቀኝ። ደግሜ ሞከርኩ፤ ያው ነው።

«አትድከሚ» አለችኝ። «እኔ ግራኝ ነኝ።»

እጄን በአፌ ጫንኩ፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ አበባውን እንጂ ኪሮሹን የያዘችበትን እጅ ልብ አላልኩም። በቀኝ እጇ ስትጽፍ፣ በቀኝ እጇ ስትበላ ነው የማውቃት። ለካ ትምህርት ቤት እየተገረፈች ነው ወደ ቀኝ የዞረችው። ዳንቴሉን ግን የተማረችው ከእናቷ ፊት ለፊት ቁጭ ብላ ነው፤ እናቷ በቀኝ ሲሠሩ እሷ እንደ መስታወት በግራ። ማንም አልገረፋትም፤ በዚያው ቀረች። አበባዋም ከሰው ሁሉ አበባ ተቃራኒ ሆኖ ቀረ።

«አክስትዬ፣ እነዚያ ሠልጣኞች ሱቄ መጥተው የሚያማርሩት ይሄን ነው እኮ!» አልኳት። «‹የመምህርታችንን አበባ አይተን ስንሠራ ይገለበጥብናል፤ ስንጠይቃት ሚስጥር ነው ትለናለች› ይላሉ።»

አክስቴ ፈገግ አለች። እንዲያ ያለ ፈገግታ በጠላቴ ላይ እንጂ በኔ ላይ አይምጣ።

የኤግዚቢሽኑ ቀን ጡረታ ስትሸኝ የለበሰችውን ሙሉ ልብስ ለብሳ ሄደች። ጋሼም፣ ምን እንደሚጠብቃቸው ሳያውቁ፣ የእህቴ ቀን ነው ብለው ከረባት አስረው ተከተሉን። ዳንቴሉ ግድግዳው ላይ ተወጥሮ ተሰቅሏል። ባለሙያዋ ከጎኑ ቆማ እንኳን ደስ ያለሽ ትባላለች። አክስቴ ሁለቱን የትራስ ልብሶች ከቦርሳዋ አውጥታ ከዳንቴሉ ሥር ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው።

«መምህርት!» አለች አንዷ ሠልጣኝ በደስታ። «ትራሱንም ሠራሽው እንዴ? ጊዜ የለኝም ስትዪን!»

ባለሙያዋ የትራስ ልብሱን ገልበጥ አድርጋ አየች። አክስቴ ኪሮሽና ክር ዘረጋችላት። «በይ እስቲ ባለሙያዋ፣ ልጆቹ እያዩ አንድ አበባ ሥሪ። አንድ ብቻ።»

«መነጽሬን ረስቼ መጥቻለሁ።»

«እንኪ የኔን።»

አልተቀበለቻትም። አክስቴ ወንበር ሳበች፣ ኪሮሹን በግራ እጇ ያዘች፣ አንድ አበባ ሠራች። ሠልጣኞቹ ዙሪያዋን ከበቧት። ያችው ሠልጣኝ ጎንበስ ብላ እያየች፣ «ወደ ግራ ዞረ! እንደዚያኛው ወደ ግራ ዞረ!» ብላ ጮኸች። ሁሉም ወደ ግድግዳው አዩ፣ ከዚያ ወደ ባለሙያዋ። እሰይ! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ያን ጊዜ ወደ ቤት ብንሄድ ኖሮ ይሄ ታሪክ እንዴት ባማረበት!

ባለሙያዋ ግን ፊቷ ደም መስሎ ወደ ጋሼ ዞረች።

«ወንድምዬ፣ ዝም ትላለህ? ተናገር እንጂ! አንተ አይደለህ ውሰጂው ያልከኝ?»

አክስቴ ኪሮሹን አስቀመጠች። «ምን አለሽ?»

«በማግስቱ ልመልስልሽ መጥቼ ነበር፣ እትዬ። በፌስታል አድርጌ። በሩን የከፈተልኝ እሱ ነው። ‹ይዘሽው ሂጂ፤ እሷ ይሄን ነገር ከጀመረች ወዲህ ቤት አትል፣ ባል አትል። ሁለተኛ እንዳታመጪው፤ ብትጠይቅሽም የኔ ነው በዪ፤ ተስፋ ቆርጣ ትተወዋለች› አለኝ።»

ጋሼ ጫማቸውን አዩ። «ሃያ ዓመት ያለፈ ነገር ምን ያደርጋል» አሉ። አልዋሸችም ማለት ነው።

አክስቴ አልጮኸችም። ሠልጣኞቹ ዳንቴሉን አውርደው አጥፈው ሰጧት፤ ይዛ ወጣች። መንገዱን በሙሉ ጋሼ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ቀርተው ተከተሏት። ስለ ባለሙያዋ ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ክፉ ቃል ከአፏ አልሰማሁም። እኔ ሞኟ ቂሟ ወጣላት፣ አረፈች ብዬ ደስ አለኝ።

በሁለተኛው ሳምንት «ሜትርሽን ይዘሽ ነዪ» ብላ ጠራችኝ። እንግዳ የሚያድርባት ትንሿ ክፍል ወሰደችኝና አልጋዋን ለካን። ዘጠና ሴንቲ ሜትር። መጋረጃው አዲስ ነው፤ ልብሶቿም ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳሎን ውስጥ ጋሼ ፊት ለፊት ትቀመጥና አዲስ የአልጋ ልብስ ትሠራለች። ሰላም ነው፤ ምሳ ታቀርባለች፣ ስልክ ሲጠራ ታቀብላቸዋለች። ባለፈው እሑድ እኔ ባለሁበት ጋሼ ለዕርቅ ይሁን ለጨዋታ ጎንበስ ብለው የዳንቴሉን ጫፍ ዳሰሱ።

«እንዴት ያምራል» አሉ። «ለአልጋችን ግን ትንሽ አልጠበበም?»

አክስቴ ቀና አላለችም። ቅጠሉን ጨርሳ ክሩን ሳብ አደረገች።

«ለአልጋችን ነው ያለህ ማነው?» አለቻቸው።