መንገዱን ያላየችው ሴት

የመዝገብ ስሟን የሚያውቀው የምትሠራበት ሆስፒታል ደመወዝ ከፋይ ብቻ ነው ይባላል፤ ሌላው ሰው ሁሉ እምቢዬ ይላታል። ስሙን ያወጣችላት እናቷ ናት። ተኚ ቢሏት እምቢ፣ ተነሺ ቢሏት እምቢ፣ እንግዳ ሳሚ ቢሏት እምቢ ብላ መድረሻ ስላሳጣቻቸው። በዕድሜዋ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም በማይሆን ቦታ እሺ አለች፤ አሥረኛ ክፍል ሳለች ሲድሯት። ከዚያ ወዲህ ያለው እምቢታዋ ሁሉ የዚያች እሺታ ካሣ ነው ትላለች ራሷ ስትስቅ።

ባሏ ግንበኛ ነበር። ልጃቸው ገና ፊደል ስትቆጥር "ሩቅ ቦታ ትልቅ ሥራ ተገኝቷል" ብሎ ወጣ። መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ይደውል ነበር፤ ቀጥሎ አልፎ አልፎ ሆነ፤ ኋላ ስልኩም ተዘጋ። ሞተ እንዳይባል አየሁት የሚል አለ፤ አለ እንዳይባል ድምፁ የለም። እምቢዬ ከልጇ ጋር በባሏ ታላቅ እህት ግቢ፣ ከዋናው ቤት ጀርባ ባሉት ሁለት ክፍሎች ኖረች። የባሏን እህት እትዬ ነው የምትላት። እትዬም ባገኘችው ሰው ፊት "የወንድሜ ሚስት እኮ እንደ ድንጋይ ተቀምጣ ነው የምትጠብቀው" እያለች ታወድሳታለች። እምቢዬ ግን ድንጋይ መባሉ ጥሟት አያውቅም።

ሥራዋ የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። አንሶላው፣ ጋዋኑ፣ የሕፃናት መጠቅለያው ሁሉ በእጇ ያልፋል። ደም የነካውን ለይታ በቀዝቃዛ ውሃ ትዘፈዝፋለች፤ ማሽኑ ሲጮኽ እሷም ለመሰማት አብራው ትጮኻለች። ማድረቂያው መዞር ሲጀምር ግን የተገለበጠ ቅርጫት ላይ ቁጭ ብላ መጽሐፍ ትገልጣለች። ያቋረጠችውን ትምህርት በማታ ቀጥላ አሥራ አንደኛን ጨርሳ ነበር። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ጎበዞች የላቀ የሥነ ጽሑፍ ክፍል አለው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የቀኑንም የማታውንም ተማሪ አንድ ላይ ያስተምራል። እናትና ልጅ መግቢያ ፈተናውን አብረው ተፈትነው ሁለቱም አለፉ።

"እማ፣ በናትሽ ከኋላ ተቀመጪ" አለቻት ልጅቷ በሩ ላይ።

"ዓይኔ ከኋላ አያይም" ብላ እምቢዬ ሄዳ ፊተኛው ወንበር ላይ ዘፍ አለች።

መምህሩ ሽበት የወረሰው ቀጭን ሰው ነው። ተማሪዎቹ ጥቅስ ይሉታል፤ ማንም ምንም ቢናገር "መልካም፣ ጥቅሱ የት አለ?" ስለሚል። ለክረምቱ እረፍት አንድ ዳጎስ ያለ ልብ ወለድ ሰጣቸውና ትንታኔ እንዲጽፉ አዘዘ። በእረፍቱ አጋማሽ ረቂቃቸውን ያያል፤ ትምህርት ሲከፈት ደግሞ ምርጦቹ በወላጆች ፊት ይነበባሉ።

መጽሐፉ ባሏ ለንግድ ወጥቶ ስለቀረባት ሴት ነው። ሴትዮዋ የሰውየውን ጫማ እየወለወለች በር ሥር ታስቀምጣለች፤ እንዲህ እያለች ታረጃለች። በመጨረሻ ሰውየው መጥቶ ሲያንኳኳ ጫማውን ታቀብለዋለች። ታሪኩ እዚያ ላይ ያልቃል። የጀርባው ሽፋን ላይ "የታማኝነት ተምሳሌት" ተብሎ በጉልህ ተጽፏል።

እምቢዬ የመጨረሻውን ገጽ ስትዘጋ ቆሽቷ አሮ ነበር። ረቂቋን በአንድ ቁጭታ ጻፈችው። ሴትዮዋን ሞኝ አለቻት፤ ዕድሜዋን ለጫማ ሰጠች አለቻት፤ የቀረውን ወረቀት ደግሞ ትተው ስለሚሄዱ ወንዶች ሞላችው።

ጥቅስ አንብቦ መነጽሩን አወለቀ። "ይሄ ትንታኔ አይደለም፤ ክስ ነው። ያውም ተከሳሿ ቃሏን ሳትሰጥ። ጥቅሱ የት አለ?"

"ጥቅሱ እኔ ነኝ መምህር! ኖሬዋለሁ እኮ።"

"እርስዎ መጽሐፉ ውስጥ የሉም" አላት ድምፁን ሳይጨምር። "ያለችው እሷ ናት። እሷ ምን አለች?"

እምቢዬ ወረቀቷን ነጥቃ ወጣች። ሁለተኛ ብጽፍ ሞቼ እገኛለሁ ብላ ማለች። ግን "እሷ ምን አለች?" የሚለው ጥያቄ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ተሰንቅሮ አልወርድ አለ። በመጨረሻ መጽሐፉን እንደገና ያዘች፤ መምህሩን ልታሳፍረው ነበር። ሴትዮዋ በገዛ አፏ "እጠብቀዋለሁ" ያለችበትን ቦታ አግኝታ "ይኸው ሞኝነቷ!" ልትለው።

ፈለገች፣ የለም። ገጽ በገጽ ሄደች፣ የለም። "ትጠብቀዋለች" የምትለው ጎረቤቷ ናት። "ትጠብቀዋለች" የሚለው የባሏ ወንድም ነው። "ትጠብቀዋለች" የሚለው በመንገድ የሚያልፈው ነጋዴ ነው። ሴትዮዋ ራሷ አንድም ቦታ አላለችም። መስኮቷስ? ወደ መንገዱ አይደለም የሚያየው፤ አትክልቷን ወደምትኮተኩትበት ጓሮ ነው። ይባስ ብሎ ጎርፍ መጥቶ ጎረቤቱ ሁሉ በሸሸበት ምዕራፍ፣ የሚያያት ሰው በሌለበት፣ ጫማው አቧራ ለብሷል ይላል።

"አቧራ!" ብላ ጮኸች እምቢዬ ከማድረቂያው አጠገብ። የሥራ ባልደረቦቿ ማሽኑ የተቃጠለ መስሏቸው ሮጠው መጡ።

የመጨረሻውን ትዕይንት ስታየውማ ጭራሽ ሌላ ሆነባት። ሰውየው በር ላይ ቆሞ ጫማውን ተቀበለ ይላል እንጂ ገባ አይልም። አንባቢው ሁሉ ነው በገዛ ፈቃዱ ያስገባው።

ትንታኔውን እንደ አዲስ ጻፈችው። ስለ ራሷ አንዲት ቃል አላስገባችም። ሴትዮዋን ሞኝ ማለቷንም ተወች፤ አፍራም ነበር። "ጠበቀች ያሉት ጎረቤቶቿ ናቸው" ብላ ጨረሰች፤ "እሷ ኖረች።"

ልጅቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አነበበችው። የእሷ ጽሑፍ ስለ ታማኝነት ነበር፤ ቋንቋው ያማረ፣ ጥቅሱ የተሟላ። አንብባ ስትጨርስ ወረቀቱን አጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

"ታዲያ ማን ጠበቀው?"

"ሰውየውን?"

"አባዬን።"

እምቢዬ ቀና አለች። የልጇን ፊት አየችና ከጎኗ ተቀመጠች። "አንቺ ጠብቂው የኔ ልጅ። አባትሽ ነው፤ አልከለክልሽም። እኔን ግን ጠባቂ አትበሉኝ።"

"እኔ እኮ ስለ ሴትዮዋ ነው የጻፍኩት።"

"እኔስ ስለ ማን ጻፍኩ?"

ሁለቱም አልተስማሙም፤ ግን መብራቱን አጥፍተው ተኙ።

ጥቅስ አዲሱን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበበው። "ይህን መጽሐፍ ሳስተምረው ኖሬያለሁ" አላት። "አሁንም ጫማው የፍቅር ምልክት ነው እላለሁ። ነገር ግን ጥቅሶችዎ በየቦታቸው አሉ። ይነበባል።"

እትዬ የወላጆች ኮሚቴ አባል ነችና ወሬው ሳይውል ሳያድር ደረሳት። እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

"ወንድሜን በአደባባይ ልታዋርጂው ነው?"

"እትዬ፣ መጽሐፍ ነው እኮ።"

"ዓይንሽን በጨው ታጥበሽ! ስለ ማን እንደሆነ ማን ያጣዋል? ያን ወረቀት ካነበብሽ ከግቢዬ ትወጫለሽ።"

"አነበዋለሁ።"

"ትወጫለሽ አልኩሽ!"

"እወጣለሁ እትዬ። በሩን ቀስ አድርገው ይዝጉት፤ ማጠፊያው ላልቷል።"

እትዬ ለለቅሶና ለልመና ተዘጋጅታ ነበር የመጣችው። በሩን ቀስ አድርጋ ዘግታ ተመለሰች።

ርዕሰ መምህሩም ሰላም ፈላጊ ሰው ስለሆኑ እናትና ልጅን ከመምህራቸው ጋር ቢሮ አስጠሩ። "የልጅቷን ብቻ ብናስነብብስ?" አሉ። "ደስ የሚል ነው፤ ወላጆችም ይወዱታል።"

"የእናቴ ካልተነበበ የእኔም አይነበብም" አለች ልጅቷ።

"አንቺ በሐሳቧ አትስማሚም አይደል?"

"አልስማማም። እሷ ዝም ካለች ከማን ጋር ልከራከር?"

ጥቅስ ወደ መስኮቱ ዞሮ ሳቁን ዋጠ።

በመክፈቻው ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ልጅቷ ቀድማ አነበበች፤ ጭብጨባው አስተጋባ። ቀጥላ እምቢዬ ወጣች፤ ከፈረቃ ቀጥታ ስለመጣች የሥራ ልብሷን እንኳ አልቀየረችም። ጎርፉ ጋ ስትደርስ ጉርምርምታ ተነሣ። ከመሃል አንድ ሰውዬ "ነውር ነው!" አለ። እሷ ቆመች፤ ሰውየውን በዓይኗ ፈልጋ አገኘችው። "ገጹን ልንገርዎት?" አለችው። ገጹንም ነገረችውና ቀጠለች። እትዬ ሳያልቅ ተነሥታ ወጣች። ስታበቃ ያጨበጨበው ሰው ጥቂት ነበር። ጥግ ላይ የተቀመጠች አንዲት ወላጅ ግን ሰው ሲበተን ጠብቃ መጽሐፉን ታውሳት እንደሆነ ጠየቀቻት።

በማግስቱ አልጋዋ ግቢው መሃል ወጥቶ አገኘችው። የሆስፒታሉን ልብስ የሚያመላልሰውን ሾፌር ጠራችው፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ጎረቤት በየአጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ እያየ ዕቃዋን ጫኑ።

"ሸራ ላልብሰው እንዴ?" አላት ሾፌሩ።

"ምን ሰርቄ ነው የምሸፍነው?"

ልጅቷ ግን መኪናው ላይ አልወጣችም። "አባዬ ቢመጣ የሚያገኘው ሰው ይኑር" አለች ዓይኗ እንባ አቅርሮ። እምቢዬን አንጀቷን በላት። ሆኖም አላስገደደቻትም፤ ግንባሯን ሳመቻትና አዲሱን ቤት እንዴት እንደምታገኘው ነገረቻት።

አዲሱ ቤት ከሆስፒታሉ ጀርባ ያለ አንድ ክፍል ነው፤ ጣሪያው ዝናብ ሲመጣ አያነጋግርም። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከበዷት። ቅዳሜ ክፍል ውስጥ ከልጇ ጋር ይገናኛሉ፤ በመጽሐፍ ይጨቃጨቁና በር ላይ ወደየአቅጣጫቸው ይለያያሉ። እምቢዬ ከክፍሏ ስትደርስ ትንሽ ታለቅሳለች፤ ከዚያ ፊቷን ታጥባ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። አንድም ቀን ግን ምነው ባላነበብኩት አላለችም።

አንድ ቅዳሜ ማታ በሩ ተንኳኳ። ልጅቷ ልብሷን በሻንጣ ይዛ ቆማለች።

"ተስማምቼ የመጣሁ እንዳይመስልሽ" አለች ሰላም ሳትል።

"ማን ተስማሚ አለሽ?"

"አክስቴ ቤት ቴሌቪዥኑ አያስጠናም።"

"እዚህ ደግሞ ጣሪያው አያስጠናም።"

"ግድ የለም። ለአባዬ አድራሻችንን ትቼለታለሁ።"

"ደግ አደረግሽ" አለች እምቢዬ ከልቧ፤ ሻንጣውን ተቀብላም ሁለተኛውን ወንበር ከጠረጴዛው አጠገብ አስጠጋች።