ውሃ አልለቅ ያለው ማሽን

የታቆረ የሳሙና ውሃ ሽታ ዛሬም አልችልም። ትናንት ጎረቤቴ ከተበላሸ የልብስ ማጠቢያ ማሽኗ ያንን ውሃ በባልዲ እየቀዳች ስትደፋ አፍንጫዬን ይዤ ወደ ቤቴ ሮጥኩ። ምን ሆንሽ ስላልሽኝ ልንገርሽ እንጂ ለማንም አውርቼው አላውቅም።

መርሳ ከተማ ነበርን፣ ጦርነቱ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው። እህቴ ከዐረብ አገር ለእናታችን የልብስ ማጠቢያ ማሽንና ቀጭን የወርቅ ሐብል ልካላት ነበር። ሐብሉን ሳላስፈቅድ ለጓደኛዬ ሠርግ አድርጌው ሄድኩ። በማግስቱ አንገቴም ላይ፣ ሣጥኑም ውስጥ የለም። ጭፈራው ላይ የጣልኩት መሰለኝና ዝም አልኩ።

የዚያኑ ዕለት ለሠርጉ የለበስኩት ቀሚስ ሲታጠብ ማሽኑ እያጓራ ውሃ አልለቅ አለ። ከወልዲያ ባለሙያ ይምጣ ስላት እናቴ፣ "ለምን ብዬ? እጅ ያላት ልጅ እያለች!" አለች። ልጅ የምትለው ሠራተኛችንን ነው፤ የእኔ እኩያ ነበረች።

ሐብሉ መጥፋቱ ሲታወቅ ዓይን ሁሉ እሷ ላይ አረፈ። እናቴ፣ "ወላሂ አልነካሁም በይና ልመንሽ" አለቻት።

"እውነት ቢሆንም አልምልም። እናቴ በአላህ ስም አትማይ ብላ ነው የላከችኝ።"

በእኛ አገር እውነቱን ይዞም መሐላ የሚፈራ ሰው ሞልቷል፤ እናቴም እኔም ይሄን አሳምረን እናውቃለን። ግን አለመማሏን እንደ ጥፋት ቆጠርንባት። እኔ ሳልጠየቅ "ወላሂ አልነካሁም!" አልኩ። አልበቃኝም፤ "ማሽኑንም ያበላሸችው እሷ ናት" ብዬ ጨመርኩ። ፈርቼ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

እናቴ ያኔውኑ አባረረቻት። ከወልዲያ በኩል ከባድ መሣሪያ ይሰማ ነበር። ልጅቷ ፌስታሏን አንጠልጥላ ወደ እናቷ አገር፣ ወደ ግራና በሚወስደው መንገድ ብቻዋን ሄደች። እኔ በመስኮት አየኋት፤ አልጠራኋትም። በማግስቱ ውጊያው መርሳ ገባ።

ወራት አለፉ። መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ማሽኑ ያንን ውሃ እንደያዘ ማዕዘን ላይ ይሸታል። ሰላም ሆኖ መብራት ሲመለስ እናቴ ባለሙያ አስጠራች። "የሚጠገን ከሆነ ጠግነው፣ ካልሆነም አውጥተን እንጣለው" አለችው። እሱም ከታች ያለችውን ትንሽ ክዳን ፈታ። ጥቁር ውሃ ወለሉን ሞላው። በፒንሳ የሆነ ነገር ጎትቶ ሲያወጣ ሐብሉ ነው። ሠርጉ ላይ አውልቄ ከረሳሁበት የቀሚሴ ኪስ ወጥቶ ኖሯል ማሽኑን ያነቀው።

"በሽታው ይሄው ነው። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነበር" አለ።

እናቴ አየችኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ለልጅቷ ምን ሊረባት?

ባለሙያው አዲስ ውሃ ሞልቶ ሲሞክረው ማሽኑ እያንዶለዶለ መልቀቅ እንደጀመረ በሩ ተንኳኳ። የልጅቷ እናት ነበሩ፤ መንገድ እንደተከፈተ ከግራና በእግራቸው የመጡ። ቆሎ በጨርቅ ቋጥረዋል።

"አልሐምዱሊላህ፣ ሁላችሁም ደህና ናችሁ። ያ ሁሉ ተኩስ ሲወርድ ልጄ ከእናንተ ጋር ናት እያልኩ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ" አሉ። ቤቱን በዓይናቸው ዞሩት። "ወንዝ ወርዳ ነው?"

እናቴ ሐብሉን በእጇ ጨብጣ ወደ ማሽኑ ዞረች።

"አዎ፣ ልብስ ልታጥብ ወርዳ ነው" አልኳቸው እኔ።

ቋጠሯቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ተቀመጡ።