ፀሐይዋ ያልሞቀችበት ኅዳር

ዘንድሮም ኅዳር ታጠነ። ማቃጠሉ ይቅር ቢባልም የቦሌ ቡልቡላ ሰው ቆሻሻውን በየጥጋጥጉ ለኩሶት አደረ። ጠዋት አራተኛ ፎቅ ላይ ካለችው በረንዳዬ ሆኜ ሳያት ፀሐይዋ ቀልታ፣ ዓይን ሳትወጋ የምትታይ ሆናለች። በረደኝና ጋቢ ደረብኩ። ጋሽ ወርቁ ትዝ ያሉኝ ያኔ ነው።

እሳቸውን ሳውቅ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ፤ የፊዚክስ። ከደሴ መጥቼ ወሎ ሰፈር፣ ከጋራዦቹ ጀርባ፣ የእሳቸውን ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ። ከተማው ሰው በሰው ነው፤ እኔን ግን "እንዴት አደርክ?" የሚለኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ። ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። ባለቤታቸው አርፈዋል፣ ዓይናቸውም ደክሞ ቀንና ሌሊትን ከመለየት አያልፍም። ጠዋት ጠዋት ግድግዳ ተደግፈን ፀሐይ እየሞቅን፣ የቡልቡላ ገበሬዎች የሚያመጡትን የሽምብራ እሸት እየፈለፈልን፣ ስለ አሰብ መንገድ ያወሩልኛል። ቡልቡላ ያኔ እርሻ ነበር፤ ዛሬ እኔ የምተኛው ሽምብራው ላይ ነው።

የኅዳር አሥራ ሁለት ዕለት እንደ ልማዳችን ወጣን። ሰፈሩ በጭስ ታፍኗል። ጋሽ ወርቁ ፊታቸውን ወደ ሰማይ ቀና አድርገው፣

"ልጄ፣ ፀሐይ ወጥታለች?" አሉኝ።

"ወጥታለች ጋሼ።"

"ታዲያ ለምን አትሞቀኝም?" መዳፋቸውን ወደ ፀሐይዋ ዘረጉ። "ባለቤቴም መጨረሻ ላይ እንዲህ ነበር ያለችኝ። ፀሐይ ላይ አስቀምጫት 'በረደኝ' አለች። የእኔም ቀን ደረሰ ማለት ነው?"

ደነገጥኩ። ደግነቱ መልሱን አውቀው ነበር። የጭሱ ብናኝ ከፊሉን ብርሃን ወደ ሰማይ እንደሚመልሰው፣ ጥቁሩ ጥላሸት ደግሞ ሙቀቱን ገና መንገድ ላይ ሳለ እንደሚውጠው ነገርኳቸው።

"ላይ ያለው አየር ይሞቃል፤ መሬቱ ይቀዘቅዛል፣ እኛንም ይበርደናል። እኔም በርዶኛል፣ ይኸው ይንኩኝ።"

እጄን ዳበሱት። ቀዝቃዛ ነበር።

"አይ ጭስ! ድርሻችንን በላብን በለኛ!" ብለው ሳቁና እሸቱን ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ። የተማርኩት ነገር ለሰው ሲጠቅም ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለኝ ዋለ።

ሳምንት ሳይሞላ ሰማዩ ጥርት አለ። ፀሐይዋ አናቴን እየበሳችው፣ ጋሽ ወርቁ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው ተቀምጠዋል።

"ጭሱ ገና አልለቀቀም?" አሉኝ። ይህን ጊዜ እጄን መንካት አልፈለጉም።

"ትንሽ አለ" አልኳቸው።

"እኔም ብያለሁ" አሉና ጠጋ አሉኝ።

ለገና አልደረሱም። ዘመዶቻቸው ግቢውን ሸጡት፣ እኔም ጓዜን ይዤ ወደ ሃያ ሁለት ሰፈር ሄድኩ። "ትንሽ አለ" ስላቸው አምነውኝ ይሁን አዝነውልኝ እስካሁን አላውቅም።

ዛሬ እኔም ባለቤቴን ቀብሬ፣ ልጆቼን ድሬ፣ ብቻዬን ነኝ። የዛሬው ብርድ የጭሱ መሆኑን አላጣሁትም፤ ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩት ትምህርት ነው። ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ሰማዩ ይጠራል። ያኔም ቢበርደኝ ግን፣ አጠገቤ ተቀምጦ የሚዋሸኝ ሰው የለኝም።