ጥርስ የሚተክለው ስሎው ሞሽን

ገርጂ ውስጥ የሰርግ ቪዲዮ እያቀናበረ ስሎው ሞሽን የሚጠላ ሰው ቢፈለግ እኔ ነኝ። ሙሽራዋ ከመኪና ስትወርድ ዝግ ይበል፣ ኬኩ ሲቆረስ ዝግ ይበል! አንዲት እናትማ እስክስታውን ካላዘገየህ ብለው ድርቅ አሉ። አዘገየሁት፤ አጎቶቹ በሙሉ ወገባቸውን የታመሙ መስለው ወጡ። እናትየው ግን ወደዱት።

ስለዚህ አንዷ ሙሽራ ከሰርጓ በኋላ ቢሮዬ መጥታ "አንድ ቦታ ላይ ብቻ ስሎው አድርግልኝ" ስትለኝ ልስማት ምንም አልቀረኝ። ቦታው አባቷ የሚስቁበት ነበር። አባቷ ከላምበረት የሚነሳ የአገር አቋራጭ አውቶብስ ሾፌር ናቸው። የፊት ጥርሶቻቸው ከወለቁ ቆይቷል። ገደል አፋፍ ላይ አውቶብስ የሚያዞሩት ሰውዬ የጥርስ ሐኪም ይፈራሉ፤ ሊስቁ ሲሉ እጃቸው ቀድሞ አፋቸው ላይ ይደርሳል። ቤታቸው ባለው ፎቶ ሁሉ ወይ ኮስተር ብለዋል ወይ አፋቸውን ይዘዋል። በሰርጉ ጠዋት ግን ልጅቷ ጉልበታቸውን ልትስም ስትጎነበስ፣ እንደ ወጉ ሳያስደርሷት በሁለት እጃቸው ይዘው ቀና አደረጓት። እጃቸው ሥራ ላይ ስለነበረ ሳቁ አመለጣቸው፤ ወዲያው ደግሞ ሰበሰቡት።

"አባዬ ሲስቅ አፉን አይቼው አላውቅም" አለችኝ። "ትንሽ እንዲቆይልኝ ነው የምፈልገው።"

ችግሩ ካሜራው የቀረጸው በመደበኛ ፍጥነት መሆኑ ነው። እንዲህ ያለው ሲዘገይ በመሃል የሚጎድለውን ምስል ሶፍትዌሩ ከየትም ብሎ መሙላት አለበት። ያሉኝን ሦስት ሶፍትዌሮች አወዳደርኩ። የመጀመሪያው ያለውኑ ምስል እየደጋገመ ሲጎትተው፣ ሰውዬው ፍሪሲዮኑ እንዳለቀ ሚኒባስ እየተንገጫገጩ ሳቁ። ሁለተኛው ምስሎቹን አደባልቆ ድርብ ጢም አወጣላቸው። ሦስተኛው፣ በኤአይ የሚሠራው አዲሱ፣ ልስልስ አድርጎ አወጣው። ብቻዬን አጨበጨብኩ። ደግሜ ሳየው ግን አፋቸው ሙሉ ጥርስ ነው! ማሽኑ ክፍተቱን ጉድለት መስሎት ሞልቶታል። ያውም ጥርሱ አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይጠፋል።

ሙሽራዋ ልታይ ስትመጣ ሳትነግረኝ አባቷን ይዛ መጣች። ስክሪኑ ላይ ያ ጉድ ተከፍቷል። ልዘጋው ስጣደፍ ማውሱን ከጠረጴዛው ጣልኩት።

"ቆይ እስኪ ልጄ፣ አትዝጋው" አሉኝ አባትየው ጎንበስ ብለው። መነጽራቸውን አድርገው አዩ። ጥርሱ መጣ። ጠፋ። መጣ። እኔ ማውሱን ከመሬት እፈልጋለሁ፤ ልጅቷም "ይሄማ አባቴ አይደለም" ብላ ልትቆጣኝ ነው።

"ኧረ በፈጠረህ! እኔ ሐኪሙን ስሸሽ ይሄ ሳይነካኝ ተከለልኝ!" አሉና ሳቁ። ጠረጴዛዬን እየደበደቡ፣ ስክሪኑን እየጠቆሙ፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እጃቸውን ረሱት። አፋቸው ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ክፍተቱም እዚያው ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ማሽኑ ከተከለው ጥርስ በጣም ያምርባቸዋል።

ልጅቷ ስክሪኑን ትታ እሳቸውን ነው የምታየው። "እየቀረጽክ ነው?" አለችኝ በሹክሹክታ። የኔ ካሜራ ቦርሳ ውስጥ፣ ስልኬ ቻርጅ ላይ። የሷ ስልክ እጇ ላይ ነበር፤ ግን ካሜራውን ለመክፈት ዓይኗን ከአባቷ ላይ መንቀል ነበረባት። አልነቀለችም።

በኋላ አባትየው እያየናቸው መሆኑን ሲያውቁ እጃቸው ወደ ቦታው ተመለሰ።

"ቪዲዮውንስ ምን ላድርገው?" አልኳት።

"በራሱ ፍጥነት ተወው" አለችኝ። እንዳለ ተውኩት። እንግዳ መጥቶ የሰርጉ ቪዲዮ ሲከፈት፣ አባቷ የሚስቁበት ቦታ ከመድረሱ በፊት ልጅቷ ቤቱን ሁሉ ዝም ታሰኛለች አሉ።