የኖሬል ፓርፊት ተወዳጅ መጽሐፍ

ኖሬል ፓርፊት በኮላርቢን ከተማ ቤተ መጻሕፍት ሠላሳ አራት ዓመት ሠርታለች። በዚህ ሁሉ ዘመን የከተማው ሰው ስለ እሷ አንድ ነገር አምኖ ኖሯል፤ ያላነበበችው መጽሐፍ የለም ይላል። እውነቱን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ኖሬል ከዳር እስከ ዳር አንብባ የጨረሰችው የመጨረሻው ልቦለድ፣ ልጇ ገና ጥርስ ሳያበቅል ያነበበችው ነው። ያ ልጅ ዛሬ ራሰ በራ ሆኗል።

በእርግጥ ሥራው ራሱ ለንባብ ጊዜ አይሰጥም። መጽሐፍ በካርቶን ይመጣል፣ ፕላስቲክ ይለብሳል፣ ቁጥር ይለጠፍበታል፣ ይደረደራል። ይህን ስታደርግ ኖሬል የጀርባ ሽፋኑን ታነባለች፤ የመጀመሪያውን ገጽም ገለጥ ታደርጋለች። ከዚህች ጥቂት ነገር ተነስታ አንድ ጥበብ አወጣች። የእንስሳት ሐኪሙ ጦርነት ይወዳል፤ የቄሱ ሚስት ደም የሌለበት ግድያ ትወዳለች፤ ኖሬል ለሁሉም እንደየፍላጎቱ መርጣ «ይህ የእርስዎ ነው» ትላለች፤ ደግሞም ትክክል ሆኖ ይገኛል። አንድ ሰው ተሳስቶ ስለ መጽሐፉ መሃል ማውራት ከጀመረ፣ ዙሪያዋን ቃኘት አድርጋ ድምጿን ዝቅ ታደርግና «ዝም እንበል፣ ያላነበበ ሰው ይሰማናል» ትለዋለች። ሰውየው እንዴት ያለች አሳቢ ሴት ናት ብሎ ይሄዳል።

ኖሬል በእውነት የምታነበው ዝናብ ነው። በየቀኑ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ጓሮዋ ያለውን የዝናብ መለኪያ አይታ በደብተር ትጽፋለች፤ ቢሮ ገብታ ደግሞ የአየር ጠባይ ድረ ገጹን ትከፍትና የአካባቢውን ጣቢያዎች ሁሉ ከራሷ ጋር ታስተያያለች። ስንዴ በሚዘራበት አገር ይህ ሞኝነት አይደለም። በየትኛው ዓመት በማን ማሳ ላይ ስንት ሚሊ ሜትር እንደወረደ ሳታስብ ትነግርሃለች። ችግሩ ማንም ጠይቋት አያውቅም።

በዚህ መሃል ኪሪሊ መጣች። ኪሪሊ የሃያ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ናት፤ ከትልቁ ከተማ ጽሕፈት ቤት በአስተባባሪነት ተሹማ ስትመጣ አንድ ዲግሪና ወረቀት በፕላስቲክ የሚለብጥ አንድ ማሽን ይዛ ነው። ሁለቱንም ከእጇ አትለይም። ወደ እርሻዎቹ የሚሄደው የተማሪዎች አውቶቡስ ትምህርት ካለቀ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ ስለሚነሳ፣ ልጆቹ ያን ጊዜ ሁሉ ዓሣና ድንች ጥብስ ቤቱ ደጅ ተገትረው ያሳልፋሉ። ኪሪሊ ይህን አይታ ዕቅድ አወጣች። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ሁሉ የሚወደውን ድረ ገጽ፣ የሚወደውን መጽሐፍና የትርፍ ጊዜ ሥራውን ከፎቶው ጋር በካርድ ላይ ይጽፋል፤ ካርዱ በፕላስቲክ ተለብጦ ይሰቀላል፤ ልጆቹም በየረቡዑ እየመጡ ከእኛ ጋር ይጨዋወታሉ አለች። «እኛም ሰዎች መሆናችንን ይወቁ» ስትል አከለችበት። ኖሬል ይህን የተጠራጠረ ሰው እስከዚያ ቀን ድረስ አላጋጠማትም ነበር።

ሠራተኛ ሁሉ ማለት ሦስት ሰው ነው። ሦስተኛው ክላይቭ ይባላል፤ ርቀው ላሉ መንደሮች መጽሐፍ የሚያደርሰውን መኪና ይነዳል። ክላይቭ በካርዱ ላይ የአሮጌ ትራክተር ዕቃ የሚሸጥበትን ድረ ገጽ፣ የአንድ ትራክተር መጠገኛ መመሪያና «ትራክተር» ብሎ ጻፈ። ኪሪሊ ልታርምለት ስትል መኪናውን አስነስቶ ስልክ ወደማይሠራበት አገር ሄደ። የኪሪሊ ካርድ ላይ ተራራ መሮጥ፣ ስለ ትክክለኛ አተነፋፈስ የሚያስተምር ድረ ገጽና ከኖርዌይኛ የተተረጎመ ስድስት መቶ ገጽ መጽሐፍ ሰፍሯል።

ኖሬልም የዋህ ሆና እውነቱን ጻፈች፤ የአየር ጠባይ ድረ ገጹን፣ የወረዳውን የመቶ ዓመት የዝናብ መዝገብና ዝናብ መለካትን። ኪሪሊ ካርዱን አንብባ፣ ነርስ መርፌ ከመውጋቷ በፊት እንደምትስቀው ሳቀች። ልጆቹ ትንሽ ሕይወት ያለው ነገር እንደሚፈልጉ በትሕትና አስረዳቻት። ኖሬል ልትከራከር አፏን ከፍታ ነበር።

«ደግሞ አንቺ እኮ የመጽሐፍ ሰው ነሽ» አለች ኪሪሊ። «ከተማው ሁሉ የሚያውቀው ነው።»

ኖሬል ካርዱን መልሳ ተቀበለች። ሠላሳ አራት ዓመት የገነባችው ስም ነው።

እንግዲህ አንድ ተወዳጅ መጽሐፍ ማግኘት ግድ ሆነባት። የታወቀ መጽሐፍ ብትጽፍ ያነበበው ሰው መጥቶ ያፋጥጣታል። ስለዚህ ወደ ጓዳ ገብታ፣ ሊወገዱ የተለዩ መጻሕፍት ከተቆለሉበት ጋሪ ላይ ማንም የማይፈልገውን አንዱን መዘዘች። «የአቶ ፔንሎው ሦስተኛ ጀልባ» ይላል። ለመጨረሻ ጊዜ ሰው የተዋሰው ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ነው። ከዚህ የበለጠ አስተማማኝ መጽሐፍ ከየት ይመጣል? የጀርባ ሽፋኑን አነበበች፤ ሁለት ጀልባ የሰጠመበት ሰውዬ ሦስተኛ ይሠራል። ካርዷ ላይ «ሕይወቴን የለወጠ መጽሐፍ። በየዓመቱ ደግሜ አነበዋለሁ» ብላ ጻፈች። የትርፍ ጊዜዋንም በባሕር ዳርቻ በእግር መጓዝ አደረገችው፤ ባሕሩ ከኮላርቢን በመኪና አራት ሰዓት ነው። ድረ ገጹን ኪሪሊ መረጠችላት። ካርዱ ተለበጠ፣ ተሰቀለ፣ መጽሐፉም ከሥሩ ቆመ።

በመጀመሪያው ረቡዕ ልጆቹ እውነትም መጡ፤ ስልካቸውን ቻርጅ ለማድረግ። ወንዶቹ የክላይቭን ካርድ ከበው ስለ ሞተር ሲጠይቁት ዋሉ። የኪሪሊ ስድስት መቶ ገጽ ንፋስ እንዳይዘጋው በሩን ደገፈ።

ማርሊ ቮስ የምትባለው የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ግን የኖሬል ካርድ ፊት ቆመች። ማርሊ የከተማው ሴት ልጆች ሁሉ የሚጫወቱትን ኔትቦል የተባለ የእጅ ኳስ አትጫወትም፤ ኮላርቢን ውስጥ ይህ ከተላላፊ በሽታ እኩል ነው። አንዲት አስተማሪ ወላጆች በተሰበሰቡበት «ማንበብ የእሷ ነገር አይደለም» ካለቻቸው ወዲህ፣ ልጅቷ ይህን ቃል እንደ ምስክር ወረቀት ይዛው ትዞራለች። ካርዱን ጮክ ብላ አነበበችው። ከዚያ ኖሬልን ከሹራቧ እስከ ጫማዋ ድረስ ቀስ ብላ አየቻት።

«ሕይወትዎን ለወጠው?» አለች። «ከምን ወደ ምን?»

ኖሬል ዓይኗን በጨው አጥባ «አንብቢውና ድረሽበት» አለቻት።

ልጅቷ ለማሾፍ ያህል ወሰደችው። ኖሬል ማህተሙን እየመታች፣ ሦስት ገጽ አንብባ ትጥለዋለች ብላ ራሷን አጽናናች።

በሁለተኛው ረቡዕ ማርሊ መደርደሪያዎቹ መሃል ወለል ላይ ቁጭ ብላ ስታነብ ዋለች። ኪሪሊ ለሪፖርቷ ከጀርባዋ ፎቶ አነሳቻት። በሦስተኛው ረቡዕ አውቶቡሱ ጥሏት ሊሄድ ሲል ክላይቭ ነው ጠርቶ ያስነሳት። የዚያን ዕለት በባንኮኒው በኩል ስታልፍ ቆም ብላ፣ የፔንሎው እህት ደብዳቤውን አላየሁም ያለችው እየዋሸች ነው ወይ ብላ ጠየቀች። ኖሬል ደብዳቤ መኖሩን የሰማችው ገና ያኔ ነው። ዙሪያዋን ቃኘች፣ ድምጿን ዝቅ አደረገች፣ እንዳላበላሽብሽ ዝም ልበል አለቻት። ማርሊ ከልቧ አመሰገነቻት። ምስጋናው ኖሬልን እንደ እሾህ ወጋት።

በአራተኛው ረቡዕ ልጅቷ ከሁሉም ቀድማ መጣች። መጽሐፉን ባንኮኒው ላይ አኖረችው። ሁለት መቶ ስምንተኛው ገጽ ላይ ፔንሎው ጀልባውን ወደ ውሃው እየገፋ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ተገንጥሎ ወጥቷል፤ አሥራ ስድስት ገጽ የለም።

«ግድ የለም» አለች ማርሊ፣ ረጋ ብላ። «እርስዎ በየዓመቱ ያነቡት የለ? ይንገሩኝ።»

ወንዶቹ ልጆች ዘወር አሉ። ኪሪሊ ስልኳን ለፎቶ አዘጋጀች። እዚህ ላይ ኖሬል እውነቱን መናገር ትችል ነበር፤ ሰው ግን ሠላሳ አራት ዓመት የለበሰውን ካባ በአንድ ቀን አያወልቅም። አፏን ከፈተች፣ መጨረሻውም ወጣላት። ጀልባው ወጀብ መሃል ገባ አለች። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሠላሳ ሰባት ሚሊ ሜትር ዝናብ ወረደ፤ ዝናቡ መጀመሪያ ከምዕራብ፣ ቀጥሎ ከደቡብ መጣ፤ ፔንሎው በባርኔጣው ውሃ ሲቀዳ ክንዱ ዛለ። በዚህ ጊዜ ያቺ ደብዳቤ የደበቀች እህቱ ሁለተኛውን ጀልባ ከባሕሩ ሥር ጎትታ አስጠግና ኖሮ፣ ብቻዋን እየቀዘፈች ደረሰችለት። ደብዳቤውን በቅባት ጨርቅ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ይዛዋለች። ወንዶቹ ስልካቸውን አስቀመጡ። ክላይቭ እንኳ ኮፍያውን አወለቀ።

ማርሊ እስከ መጨረሻው ሰማች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ከዚያ ከጃኬቷ ኪስ አንዲት ብጣሽ ወረቀት አውጥታ ባንኮኒው ላይ ዘረጋቻት። ከመጽሐፉ የኋላ ሽፋን ውስጥ ያገኘቻት ናት። «የመጨረሻ 16 ገጾች ጎድለዋል፤ ይወገድ። ኖ.ፓ.» ትላለች፤ ቀኑ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ነው። መጽሐፉ ጋሪው ላይ የተጣለው ለምን እንደሆነ ለማወቅ ማንም ሠራተኛ ሽፋኑን መግለጥ ብቻ ይበቃው ነበር። የገዛ እጅ ጽሑፏን ሳታይ መጽሐፉን በየዓመቱ አነበዋለሁ ብላ የጻፈችው ኖሬል ናት።

«የእርስዎ ጽሑፍ ነው?»

«የእኔ ነው» አለች ኖሬል። ፊቷ በርበሬ መስሏል። «አላነበብኩትም።»

«እኔ ግን አነበብኩት» አለች ማርሊና ወጣች።

ኪሪሊ ብዙ አልተጨነቀችም፤ ፎቶውን ትተን የመጽሐፉን ስም ብቻ እንቀይር አለች። ኖሬል ካርዱን ከግድግዳው ነቅላ ልትቀደው ታገለች፤ የተለበጠ ነገር አይቀደድም። በመቀስ ቆራረጠችው። ሰው ከመጽሐፍ ጋር አልተፈጠርሽም ያላት ልጅ፣ በሕይወቷ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ልትጨርስ ጫፍ ደርሳ ነበር። ያን ያበላሸባት ደግሞ መጽሐፍ አዋሽ ናት። በቀጣዩ ረቡዕ ማርሊ ጥብስ ቤቱ ደጅ ቆማ ታየች።

ኖሬል ሙሉ ቅጂ ፍለጋ ለሌሎች ቤተ መጻሕፍት ሁሉ ጻፈች። በግዛቱ ውስጥ አንድ ብቻ ተገኘ፤ ከሌላኛው ዳርቻ ተጭኖ በዘጠነኛው ቀን ደረሰ። ቅዳሜ ከተማው በሙሉ ኳስ ሜዳ ሲወጣ እሷ የወጥ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረች። መጀመሪያ ላይ አናደዳት፤ ሰውዬው ስለ ጣውላ አርባ ገጽ ያወራል። እሑድ ግን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት አልፎ አራት ሲሆን ጓሮ ሄዳ ዝናቡን እንዳላየች አስታወሰች። ባሏ የሞተ ዕለት እንኳ አልረሳችውም ነበር። እህቲቱን ወደደቻት፤ እየዋሸች መሆኗንም ራሷ ደረሰችበት። ከዚያ ወደ መጨረሻዎቹ አሥራ ስድስት ገጾች ገባች፤ ጨርሳም ሌላ ገጽ እንዳለ ለማየት የኋላ ሽፋኑን ገለጠች።

ረቡዕ ዕለት መጽሐፉን ይዛ መንገዱን ተሻገረች። ማርሊ ድንች ጥብስ እየበላች ነበር። ኖሬል ዙሪያ ጥምጥም አልሄደችም። ካርዱም ውሸት ነበር፣ የነገርኩሽ መጨረሻም ከራሴ ነው፣ አጥፍቻለሁ፣ እውነተኛው ይኸው፣ አሁን ሁሉንም አንብቤዋለሁ አለቻት።

ማርሊ ጣቷን በሱሪዋ ጠረገች። ሁለት መቶ ዘጠነኛውን ገጽ ፈልጋ እዚያው ቆማ አነበበች። አውቶቡሱ መጣ፤ ልጆቹ ተሳፈሩ፤ እሷ ገጽ ገለበጠች። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ኖሬል ወደ እሱ ዞራ በአንድ እይታ ዝም አሰኘችው፤ ሰው ዝም ማሰኘት የሠላሳ አራት ዓመት ሙያዋ ነው። በመጨረሻ ልጅቷ መጽሐፉን ዘጋች።

«ጀልባውን ሸጠው?»

«ሸጠው።»

«ከዚያ ዕቃ ቤቱን ቀለም ቀባ?»

«ሁለት ጊዜ ነው የቀባው» አለች ኖሬል።

ማርሊ ሽፋኑን ገልበጥ አድርጋ የደራሲውን ፎቶ በጥላቻ አየችው። «የእርስዎ ይሻል ነበር» አለች።

ኖሬል ፈገግ ልትል ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

«ግን ውሸት ነው።»

«ውሸት ነው» አለች ኖሬል። ፈገግታው ጠፋ።

«እሺ፣ ሌላ ያነበቡት ጥሩ መጽሐፍ ይስጡኝ።»

«የለኝም። ልጄ ጥርስ ካበቀለ ወዲህ ያነበብኩት ይህን ብቻ ነው።»

ኖሬል ስድብ ጠበቀች፤ ይገባኛልም ብላ ነበር። ማርሊ ግን ቦርሳዋን አንጠልጥላ የአውቶቡሱን የመጀመሪያ ደረጃ ረገጠችና ዞር አለች።

«በሚቀጥለው ረቡዕ እኔ እመርጥልዎታለሁ» አለች። «ቀጭን እፈልግልዎታለሁ። ካልጨረሱት ደግሞ አልጨረስኩም ይበሉኝ፤ ሰው ማንበብ ሲከብደው አውቀዋለሁ።»

«እሺ» አለች ኖሬል።

በሩ ተዘጋ። አውቶቡሱ ከታጠፈ በኋላም ኖሬል እዚያው ቆማ ነበር፤ ኪሪሊ መጥታ ምን ሆነሽ ብላ እስክትጠይቃት ድረስ እያለቀሰች መሆኑን አላወቀችም።