ለማማ ከቢራ ነፍስ የተተከሉት ዛፎች

ይህን ነገር ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። አቡዳቢ ያሉ ጓደኞቼ አልሰሙትም፤ እህቴም አልሰማችም። ለንስሐ አባቴ ሌላውን ኃጢአቴን ሁሉ ስዘረዝር እንኳ እሱን ዘልዬው ነው የተነሳሁት። እናንተ የምታነቡት እስቲ ለአንድ አፍታ እንደ ንስሐ አባት ሁኑና ስሙኝ። ግን አትዘኑልኝ፤ የሚታዘንላት ሌላ ሰው አለች።

አል ዐይን ውስጥ አንዲት አሮጊት አስታምም ነበር። የቀጠረችኝ ልጇ ናት። እሷን ማዳም እላታለሁ፤ አቡዳቢ፣ አል ባጢን ሰፈር ትኖራለች፣ ሐሙስ ሐሙስ እናቷን ልታይ ትመጣለች። አሮጊቷን የቤቱ ሠራተኞች ሁሉ ማማ ከቢራ እንላታለን፤ ትልቋ እናት ማለት ነው። ዓይኗ ደክሟል፣ እግሯም አይታዘዝላትም። ከሰዓት በኋላ በዊልቸር እየገፋሁ ወደ ተምር እርሻው እወስዳታለሁ። በልጅነቷ ውሃው በፈለጅ፣ በዚያ በጥንቱ ቦይ፣ ከተራራው ሥር በራሱ እየወረደ ይመጣ ነበር፤ አሁን በሞተር ነው የሚገፋው። "አንድ ቀን ጠዋት ልንቀዳ ሄድን፣ የለም" ትለኛለች፣ ሁልጊዜ በዚያው ቃል።

እኔም ስለ አገሬ አወራላት ነበር። ወላጆቼ በድርቁ ዘመን ከወሎ ተነስተው ደቡብ ምዕራብ፣ ዝናቡ የማያባራበት ጫካ ውስጥ የሰፈሩ ናቸው። አባቴ ከመንደሩ ምንጭ በላይ ያለውን ጫካ መንጥሮ በቆሎ እንደዘራበት፣ ከዚያ ወዲህ ጉሬዛውም ወፉም እንደራቀን ሳልደብቅ ነገርኳት። ምን ነበረበት ዝም ብል?

አንድ ሐሙስ ማማ ከቢራ የእጇን ወርቅ አውልቃ፣ ሽጠሽ ለዛፍ መትከያ ላኪው ብላ ለማዳም ሰጠቻትና ወደ እኔ ዞረች። ያን የተመነጠረውን ቦታ በእሷ ስም መልሼ ጫካ እንዳደርገው ፈለገች። ወፍ የበላበት፣ ሰው የተጠለለበት ዛፍ፣ ለተከለው ሰው ከሞተ በኋላም ምጽዋት ሆኖ ይደርሰዋል ብላ ታምናለች። "ጦጣውም ይብላ፣ ሰዎችሽም ይብሉ። አማና" አለችኝ። እኛ አደራ የምንለውን ነው። ማዳም ደግሞ ወደ ጓዳ ተከትላኝ ገባችና "የእናቴን ልብ ካሳረፍሽ እህትሽን እኔው ካፊል ሆኜ፣ በስሜ ቪዛ አውጥቼ አመጣታለሁ" አለችኝ። እውነቱን ልናገር፣ ከሁለቱ ቃል ልቤ ውስጥ የገባው የማዳም ነው።

ወንድሜ ሙሉጌታ ጋ ደወልኩ። መልሶ ሲደውልልኝ ከጎረቤታችን ከአቶ ኃይሌ ጋር ተማክሮ ነበር። አቶ ኃይሌ የአገሩ ተወላጅ ነው፤ እኛ ሳንመጣ በፊት አባቱም አያቱም ከዚያ ምንጭ ጠጥተዋል። ዋንዛና ሾላ ይሁን፣ ችግኙን እኔ ራሴ ከጫካው አፍልሼ እሰጣችኋለሁ፣ ብቻ ባህር ዛፍ ምንጩ አናት ላይ እንዳታደርጉ፣ ውሃውን ይጠጣዋል ብሎ ለምኗል። ወንድሜ ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ነገረኝ። አልሰማሁም ማለት አልችልም።

እኔ ግን ችኮላ ላይ ነበርኩ። ማዳም ፎቶ ትፈልጋለች፣ ማማ ከቢራ ታማለች፣ እህቴ ትጠብቃለች። ዋንዛ እስኪያድግ ማን ይጠብቃል? ደግሞስ በአባቴ አገር በወሎ ባህር ዛፍ የሌለው ደጅ እንደ ደጅ ይቆጠራል? አቶ ኃይሌን የማያውቅ ባላገር አድርጌ ናቅኩት። "ባህር ዛፍ ይተከል" አልኩ። ወንድሜ "ሰው ቢጠይቀኝስ?" አለኝ። "ዓረቧ ናት ያዘዘችው በላቸው" አልኩት። ይተከል ያልኩት እኔ ነኝ። በእሷ አሳብብ ያልኩትም እኔ ነኝ።

ሁለት ክረምት አለፈ፣ ፎቶው መጣ። ዛፎቹ ቀጥ ቀጥ ብለው ተሰልፈዋል። ማዳም ደስ አላት፤ እህቴም ወር ሳይሞላ ቪዛዋ ወጣ። ማማ ከቢራ ፎቶውን ዓይኗ ላይ አስጠግታ አየችው፣ አልታያትም። ከዚያ ጆሮዋ ላይ አደረገችው። "ወፍ የለበትም" አለች።

ቀልቤ ተገፈፈ። ፎቶ ድምፅ የለውም ብዬ ሳቅኩና ዓይኔን በጨው አጥቤ ዋሸኋት፤ ሾላው አፍርቷል፣ ወፍ ጎጆ ሠርቷል፣ ጉሬዛው ተመልሷል አልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ትጠይቀኛለች፣ በየቀኑም አዲስ ወፍ እፈጥርላታለሁ።

በሦስተኛው ዓመት የቀትር እንቅልፏ ተበላሸ። ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ ትነቃለች። አንድ ቀን ብርጭቆውን ከእጄ ነጥቃ ጠጣችና ሕልሟን ነገረችኝ። በሕልሟ የእኔ አገር ሄዳ ነበር። ዛፎቹ መሃል ሴቶች ባዶ ጀሪካን ይዘው በመስመር ተቀምጠዋል። ማንም አይናገርም። ውሃ ስጡኝ ስትላቸው ሁሉም በአንድ ጊዜ ዞረው አዩዋት። "ያውቁኛል። ከየት ነው የሚያውቁኝ?" አለችኝ። የክፍሉ መጋረጃ ተዘግቶ፣ ኤሲው እያጉረመረመ፣ በጠራራ ፀሐይ ሰዓት ፈራሁ።

በሳምንቱ ሙሉጌታ ደወለ። ምንጩ ደርቋል። ሴቶቹ ሌሊት የተጠራቀመች ጠብታ ካለች ብለው ጀሪካናቸውን ደርድረው ይጠብቃሉ፤ ሲያቅታቸው ገደሉን ወርደው ከወንዝ ይቀዳሉ። የአቶ ኃይሌ ሚስት ጀሪካን አዝላ ገደሉ ላይ ተንሸራታ ዳሌዋ ተሰብሯል፤ ከእንግዲህ ቆማ አትሄድም። ሕልሙን ለወንድሜ አልነገርኩትም። ስልኩን ዘግቼ የማማ ከቢራን ምሳ ላሞቅ ወጥ ቤት ገባሁ።

ያኔ መናገር እችል ነበር። ማማ ከቢራ በሕይወት አለች። ብነግራት ነቅለሽ ዋንዛውን ትከይ ትለኝ ነበር፣ የቀረውንም ወርቋን ታወልቅ ነበር። ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። ግን እህቴ አቡዳቢ አጠገብ፣ አል ሻምኻ አዲስ ሥራ ይዛለች፣ ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ በማዳም እጅ ነው። ማዳም ብትናደድስ? ብታባርረንስ? እያልኩ ቀኑን አሳለፍኩ። ፈራሁ እላለሁ፤ ግን ፍርሃት ብቻ ነበር? ውሸቱ ተመችቶኝም ነበር።

በመጨረሻ ማማ ከቢራ ስለ ወፍ መጠየቅ ተወች። አንድ ጠዋት እጄን ያዘችኝ፣ "ውሃው አለ?" አለችኝ። ስለ ምንጩ ማንም አልነገራትም። "ሞልቶ ይፈሳል ማማ" አልኳት። እጄን ቀስ ብላ ለቀቀችው። በሦስተኛው ቀን ሞተች። ማዳም እያለቀሰች አቀፈችኝ፣ እናቴን ደስ አሰኝተሽ ሸኘሻት ብላ መረቀችኝ። ምርቃቱን ተቀበልኩ።

በዓመቱ ለእረፍት አገሬ ገባሁ። ወደ ዛፎቹ ወጣሁ። ነፋስ አለ፣ ቅጠሉ ይንኮሻኮሻል፣ ከዚያ ሌላ ምንም የለም፤ ጉንዳን እንኳ አላየሁም። ሙሉጌታ አንዳንዱን ቆርጦት ነበር፣ ከጉቶው አምስት ስድስት ሆኖ በቅሏል። ስመለስ ከወንዝ የሚወጡ ሴቶች ዛፎቹ ሥር ደረሱ። የመጀመሪያዋ ጀሪካኗን አሳረፈች፣ ወደ ዛፎቹ ተፋችና "ያቺ ዓረብ፣ አፈር አይቅለላት" አለች። ሁለተኛዋም አለች። ሁሉም በተራ አሉ፣ ድምፃቸውን እንኳ ሳያነሱ። አብራቸው የነበረችው የአክስቴ ልጅ "መሞቷን ከሙሉጌታ ከሰማን ወዲህ፣ እዚህ ስናርፍ ሁልጊዜ እንለዋለን" አለችኝ።

በቀን ሁለት ጊዜ ይወርዳሉ። በቀን ሁለት ጊዜ ያ ቃል ስሟን እንኳ ወደማያውቁት መቃብር ይሄዳል። ምጽዋት ይድረሰኝ ብላ ወርቋን ያወለቀች ሴት የሚደርሳት እሱ ነው። እኔ መሃላቸው ቆሜ ነበር። እሷ አይደለችም፣ እኔ ነኝ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ሴቶቹም ተራሽ ነው እንደማለት ሁሉም በአንድ ጊዜ ዞረው አዩኝ። እኔም "አፈር አይቅለላት" አልኩ።

ይቅር በሉኝ አልልም። ብቻ በዚያ መንገድ የሚያልፍ ሰው ካለ፣ ለሴቶቹ ባህር ዛፉን ያስተከለችው የራሳችሁ ልጅ ናት፣ የምትረግሙት እሷን ይሁን በሉልኝ። አያችሁ፣ ይህንንም ራሴ ሄጄ አልናገረውም፤ ሰው ነው የምልከው።