የጋሼ ወርቁን የሕይወት ታሪክ ያነበብኩት እኔ ነኝ!

ዛሬ ዙሪክ፣ በጋሼ ወርቁ ቀብር ላይ የሕይወት ታሪካቸውን ቆሜ አነበብኩ። እኔ! አምና ፊደል የማልለየው ሰውዬ!

ለማታውቋቸው፣ ጋሼ የጸሎት ቤታችን ሽማግሌ ነበሩ። ጄኔቫ ሰው ታመመ ከተባለ ቀድመው ባቡር ላይ የሚገኙት እሳቸው ናቸው። አራት ልጆቻቸውን አሳድገው፣ እኛንም ሲያሳድጉ ኖሩ።

እኔንማ ከዙሪክ ወጣ ካለችው ከአድሊስቪል ድረስ እየመጡ፣ ፊደል እስከምማርበት የማታ ትምህርት ቤት በር ይሸኙኝ ነበር። መንገዱ ጠፍቶኝ ሳይሆን እኔ እንዳልጠፋ!

«አንተ ጉረኛ፣ የቀብሬ ዕለት ታሪኬን የምታነበው አንተ ነህ። ማንበብ ሳትችል አልሞትም» አሉኝ አንድ ቀን።

«እንግዲያው ጋሼ፣ መቶ ዓመት መኖርዎ ነው!» አልኳቸው። ሳቁብኝ።

ዛሬ ልጃቸው ማርታ «አባባ አንተ እንድታነበው ነው ያለው» ብላ ወረቀቱን ስትሰጠኝ ፊቴን በሻርፔ ሸፈን አደረግኩ። (ብርዱ ነው፤ ሌላ እንዳይመስላችሁ።)

አንድ መስመር ሳልዘል ጨረስኩት! «አሜን» ስል የጸሎት ቤቱ አዳራሽ በእልልታ ተናጋ። በቀብር ላይ እልልታ! ለጋሼ ሲያንስ ነው።

«ማንበብ ሳትችል አልሞትም» ያሉት የምራቸውን መሆኑን ባውቅ ግን ቀስ ብዬ እማር ነበር።

እናንተንስ እስከ በሩ ድረስ የሸኛችሁ ማን ነው? ጻፉልኝ። አሁን ራሴ ነኝ የማነበው!